ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ ሞኒተሩ ባሕር ዳር፦ በርቀት ግራፊክስ ላይ መዘግየት የሚያመጡ ስህተቶች

ባለ ከባድ ጂፒዩ (የግራፊክስ ማስሊያ ቺፕ) ሰርቨር አዲስ አበባ አስቀምጦ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሆኖ በቀላል ላፕቶፕ መሥራት ለአርክቴክቸርና ለምህንድስና ቢሮዎች ብዙ ወጪ ያድናል። ሬንደሩን (ሞዴሉን ወደ ምስል መለወጡን) ሰርቨሩ ይሠራል፣ ላፕቶፑ የተጨመቀውን ምስል ተቀብሎ ያሳያል። ነገር ግን ሞዴሉ ማውዙን ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ሥራው ያታክታል፤ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አብዛኛው መዘግየት ሊስተካከል የሚችል ነው።

ሁሉንም በርቀት ማሳበብ

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ ደርሶ መልሱ 6 ሚሊ ሴኮንድ አይሞላም። ፒንግ (የአንድ ፓኬት ማለትም ትንሽ የዳታ ቁራጭ ደርሶ መልስ መለኪያ) 60 ሚሊ ሴኮንድ ካሳየዎት ርቀቱ የበላው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ነው። የቀረው ወረፋ፣ ጠማማ መንገድና የመሣሪያ ጣጣ ነው።

መስመሩ ጭር ባለበት ሰዓት መለካት

ማለዳ፣ ቢሮው ባዶ ሳለ፣ አራት ፒንግ ልኮ “ኔትወርኩ ደህና ነው” ማለት ያሳስታል። ፒንግ ትንሽ ፓኬት ነው፤ የምስል ዥረት ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ፓኬት ያዥጎደጉዳል። ሞዴሉን እያሽከረከሩ፣ አንድ ባልደረባ ደግሞ ትልቅ ፋይል እየጫነ፣ ለአምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ፒንግ ያድርጉ። አማካዩን ይተዉትና የከፋውን ቁጥር ይመልከቱ፤ እጅ የሚሰማው እሱን ነው። ጭር ሲል 15፣ ሲጨናነቅ 300 ካሳየ ችግሩ ወረፋ ነው።

ጠቅላላውን መዘግየት ለመለካት በሴኮንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ማውዙና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ፣ ከዚያ ጣት ከተጫነበት ፍሬም አንሥቶ ስክሪኑ እስከተለወጠበት ድረስ ያሉትን ፍሬሞች ይቁጠሩ። እያንዳንዱ 4.2 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው፤ 30 ፍሬም ከሆነ 125 ሚሊ ሴኮንድ ማለት ነው። አሥር ጊዜ ይድገሙት። ያንኑ ላፕቶፕ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል በኬብል አገናኝተው ቢለኩ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመስመሩ ድርሻ ነው፤ የቀረው ምስሉን የሚጨምቀው የኢንኮደሩ፣ የተጨመቀውን የሚፈታው የዲኮደሩና የሞኒተሩ ነው።

ምስሉ አውሮፓ ዞሮ እንደሚመጣ አለማወቅ

ብዙ የርቀት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ሁለቱን ኮምፒውተሮች በቀጥታ ማገናኘት ሲያቅታቸው ድምፅ ሳያሰሙ ወደ አስተላላፊ ሰርቨር ይዞራሉ። አስተላላፊው አውሮፓ ከሆነ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ያንኑ ያህል ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ በብርሃን ፍጥነት ብቻ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ ያልፋል። በሞባይል ዳታ ላይ ይህ ይበዛል፣ ምክንያቱም ብዙ ስልኮች አንድ የሕዝብ አድራሻ ስለሚጋሩ ቀጥታ ግንኙነት ይከሽፋል። ጠቅላላ ትራፊኩን ውጭ አገር አውጥቶ የሚመልስ ቪፒኤን (ትራፊኩን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ከፍቶ መሥራትም ውጤቱ ያው ነው።

የፕሮግራሙን የግንኙነት መረጃ ከፍተው ቀጥታ ይሁን በአስተላላፊ ያረጋግጡ። ጥሩው መፍትሔ ሰርቨሩ ባለበት ቦታ ቋሚ የሕዝብ አድራሻ ይዞ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን መትከል ነው፤ ክላየንቱ ወደዚያ ይደውላል፣ ዥረቱም በአጭሩ መንገድ ይሄዳል። የዊንዶውስ ርቀት ዴስክቶፕን ፖርት 3389 ለኢንተርኔት በቀጥታ አይክፈቱ፤ በዋየርጋርዱ ውስጥ ብቻ ይለፍ። የፓኬቱንም መጠን ይመልከቱ፦ የዋየርጋርድ የተለመደው ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 1420 ባይት ነው፤ ከሥሩ ያለው መስመር 1492 ብቻ የሚያሳልፍ ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባ የኢንተርኔት መስመር) ከሆነ ግን 1412 ያድርጉት። አለዚያ ትልልቆቹ ፓኬቶች ይቆራረጣሉ ወይም ይጣላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መግባት ይቻላል፣ ማውዙም ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉ ግን ደርቆ ይቀራል።

በቲሲፒ ላይ መወሰን

በቲሲፒ (ሁሉም ፓኬት በቅደም ተከተል መድረሱን በሚያረጋግጠው የመላኪያ ደንብ) አንድ ፓኬት ከጠፋ ከኋላው የደረሱት ሁሉ እሱ እንደገና ተልኮ እስኪመጣ ይቆማሉ። ለፋይል ይህ ትክክል ነው። ለምስል ግን ያለፈ ፍሬም ዋጋ የለውም፤ አዲሱ ቢመጣ ይሻላል። በዊንዶውስ ርቀት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ሲሞሉ ከላይ ባለው አሞሌ ላይ የሲግናል ምልክቱን ይጫኑ፤ ዩዲፒ (የጠፋውን ፓኬት ሳይጠብቅ የሚቀጥለው ደንብ) መሥራቱን ይነግርዎታል። ካልሠራ ፋየርዎሉ የከፈተው 3389ን በቲሲፒ ብቻ መሆኑን ይጠርጥሩ። በቲሲፒ የሚሄድ ኦፕንቪፒኤን ከሆነ ዩዲፒውም ውስጡ ታንቆ ይቀራል።

በሊኑክስ ደግሞ የግራፊክስ ፕሮግራምን በኤስኤስኤች የኤክስ ማስተላለፊያ (የሥዕል ትእዛዞቹን በኔትወርክ ወደ ላፕቶፑ በሚልከው ዘዴ) መክፈት የተለመደ ስህተት ነው። ብዙ ትእዛዝ መልስ ይጠብቃል፣ እያንዳንዱ መልስ ደግሞ አንድ ደርሶ መልስ ነው። ቨርቹዋልጂኤልን ከተርቦቪኤንሲ ጋር ይጠቀሙ፤ ሥዕሉ ሰርቨሩ ላይ ያልቅና የሚላከው የተጨመቀ ምስል ብቻ ይሆናል።

ወረፋውን ሳይገሩ ፍጥነት መግዛት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ራውተሩ የመላኪያ መስመሩ ሲሞላ ፓኬቶችን በማጠራቀሚያው ይደረድራል። መላኪያው በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ሆኖ 256 ኪሎባይት ቢጠራቀም፣ መጨረሻ ላይ የተሰለፈው የማውዝ ጠቅታ 2 ሴኮንድ ይጠብቃል። አንድ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን ይህ ይደርሳል። ፍጥነቱን ቢያሳድጉም የሚጭነው ፕሮግራም የተጨመረውን ይሞላዋል።

መድኃኒቱ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ላይ ኤስኪውኤም (ወረፋ የሚገራ ፕሮግራም) መትከልና በውስጡ ኬክ የተባለውን የወረፋ ስልት መምረጥ ነው። የመስመሩን ፍጥነት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይለኩና ከዚያ 85 በመቶውን ያስገቡ፦ 20 ሜጋቢት ማውረጃና 5 ሜጋቢት መላኪያ ከተለካ፣ 17,000 እና 4,250 ኪሎቢት። ጥቂት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ወረፋው ግን እርስዎ በሚቆጣጠሩት ራውተር ላይ ይሆናል፤ ኬክም ቀጭኑን የማውዝ ትራፊክ ከወፍራሙ ለይቶ ያሳልፈዋል። በሰርቨሩም በኩል ይህንኑ ያድርጉ፤ ምስሉን የሚልከው እሱ ነውና። ፓኬት ላይ የቅድሚያ ምልክት መለጠፍ ግን ከራስዎ ግቢ ውጭ እምብዛም አይከበርም።

ኢንኮደሩን ለፊልም እንደተስተካከለ መተው

ቢ ፍሬም የተባለው የፍሬም ዓይነት ቀጥሎ የሚመጣውን ፍሬም ጠብቆ የሚሠራ ስለሆነ የግድ ያዘገያል፤ ያጥፉት። ወደፊት አሻግሮ የሚያይ ሁነታ ካለም ያጥፉ። በኤክስ264 ኢንኮደር ዜሮላቴንሲ የሚባለው ምርጫ ሁለቱንም ያጠፋል።

ሌላው ሙሉ ፍሬም (ለውጡን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሙሉ የያዘው) ነው። 200 ኪሎባይት የሚመዝን ሙሉ ፍሬም በ10 ሜጋቢት መስመር ለማለፍ 160 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ በየሁለት ሴኮንዱ የሚመጣ መንገጫገጭ ካዩ ይህን ይጠርጥሩ። ሙሉ ፍሬሙን በየጊዜው ከመላክ ይልቅ ምስሉን በቁራጭ የሚያድስ ሁነታ ይምረጡ፤ የኢንኮደሩንም ቋት በአንድ ፍሬም ልክ ይወስኑ። ለ10 ሜጋቢትና በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ 167 ኪሎቢት ነው።

የአውቶካድ ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች ሲደበዝዙም ሰው ቢትሬቱን (በሴኮንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) ይጨምራል። ድብዝዝታው የሚመጣው የቀለም መረጃን ከሚቀንሰው 4፡2፡0 ከተባለው የቀለም አቀማመጥ ነው። ኢንኮደሩና ላፕቶፑ ከቻሉ ቀለሙን ወደማይቀንሰው 4፡4፡4 ይለውጡ፤ ቢትሬት መጨመር መስመሩን አጨናንቆ ወረፋ ከመጥራት በቀር አይፈይድም።

የመጨረሻዎቹን ሜትሮች መናቅ

ላፕቶፑን በኬብል ያገናኙ፤ ካት5ኢ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ዋይፋይ የግድ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ፣ እሱም ካልደረሰ በ2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጎረቤት ያልያዘውን። የመዳብ መስመር ያላችሁ፣ በክረምት መዘግየቱ ከባሰ መገጣጠሚያዎቹ ውኃ መግባቱን አስፈትሹ።

ዲኮደሩ በላፕቶፑ ሃርድዌር መሥራቱን ያረጋግጡ። አሮጌ ላፕቶፕ ኤችዲ ኤች264ን በሃርድዌር ይፈታል፣ አዲሱን የቪዲዮ መጨመቂያ ኤቪ1ን ግን በፕሮሰሰር ይታገልበታል። በክላየንቱ በኩል ቪሲንክ (ፍሬሙን ሞኒተሩ እስኪታደስ የሚያስጠብቀው ቅንብር) በ60 ኸርዝ ሞኒተር እስከ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይጨምራል። ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር የሚጠቀሙ ከሆነ የጨዋታ ሁነታውን ያብሩ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ በዩፒኤስ ቢቀጥልም ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ቁጠባ ይገባል፤ የዋይፋይ ካርዱ በየመሃሉ ያንቀላፋል፣ መዘግየቱም ወጣ ገባ ይላል። በኃይል ቅንብሩ ውስጥ የገመድ አልባ ካርዱን በባትሪም ጊዜ “ከፍተኛ አፈጻጸም” ላይ ያድርጉት።