በላስ ቬጋስ የሰፈር ካሲኖ ከመጫወትዎ በፊት
በላስ ቬጋስ፣ ቱሪስት ከሚጎርፍበት ዋና ጎዳና ርቀው እንደ ቦልደር ሀይዌይ ባሉ መንገዶች ላይ የሚገኙት ካሲኖዎች ደንበኞቻቸው በአብዛኛው የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ዕድሜዎ 21 ዓመት ከሞላ መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፤ የአባልነት ካርዱንም በነጻ ያውጡ።

ቪዲዮ ፖከር (በማሽን ላይ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ለመጫወት ካሰቡ ከሁሉ አስቀድመው በስክሪኑ ላይ ያለውን የክፍያ ሠንጠረዥ ያንብቡ፤ «ጃክስ ኦር ቤተር» በሚባለው ጨዋታ ለፉል ሃውስ (ሦስት እኩል ቁጥር እና ሁለት እኩል ቁጥር ያላቸው ካርታዎች) የመደቡን 9፣ ለፍላሽ (አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርታዎች) 6 እጥፍ የሚከፍለው ማሽን፣ ከፍተኛውን መደብ አስይዞ ያለ ስህተት ለሚጫወት ሰው በረጅም ጊዜ 99.5 በመቶ ገደማ ሲመልስ፣ 8 እና 5 የሚከፍለው ግን ወደ 97.3 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ለአንድ ቀን እንግዳ ብዙም አይሰማም፤ በየሳምንቱ ለሚመላለስ የሰፈር ሰው ግን እጅግ ከባድ ነው።

በሁለቱም ማሽኖች ብልጫው የካሲኖው ስለሆነ፣ የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ አስቀድመው ይለዩ፤ የባንክ ካርድዎንም ቤት ይተዉ።