የአንድን ዳኛ የሥራ ዘመን እንዴት እናንብብ?

ከዐቃቤ ሕግነት ጡረታ ወጥቼ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈሩ የሕግ ተማሪዎች ጋር የዳኞችን ታሪክ እናነባለን። ሰሞኑን የያዝነው አንድሪው ጀድሰንን ነው፤ በአሜሪካ የኮነቲከት ግዛት የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር፣ በእኛ አነጋገር የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ። ስለ ማንኛውም ዳኛ ለመጻፍ ያሰባችሁ በዚሁ መንገድ ሂዱ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ሹመቱን አስቀድማችሁ አጣሩ። ጀድሰንን በ1836 የሾመው ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ነው፤ በ1853 እስኪሞት ወንበሩ ላይ ቆየ። እዚያ የፌዴራል ዳኛ ሹመት የዕድሜ ልክ ነው፣ ደመወዙም አይቀነስም።

ቀጥላችሁ ከሹመቱ በፊት የሠራውን ፈልጉ። ብዙ ጸሐፊ የሚዘለው ይህን ነው። ጀድሰን በአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ነበር። በ1833 ፕሩደንስ ክራንዳል የምትባል መምህርት ካንተርበሪ ከተማ ውስጥ ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስትከፍት ተቃውሞውን ከፊት ሆኖ መራ። በዚያው ዓመት ከሌላ ግዛት የመጡ ጥቁሮችን ያለ ከተማው ፈቃድ ማስተማር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ክራንዳል አንድ ሌሊት እስር ቤት አደረች፤ ጀድሰንም ከከሳሽ ወገን ቆሞ ተከራከረ። እኔም በዚያ ወንበር የኖርኩ ነኝና ይህ ገጽ ያንገበግበኛል።

ከዚያ አንድ መዝገብ ምረጡና እስከ ሥሩ ግቡ። ወረቀታችሁን ሦስት ቦታ እጠፉና ፍሬ ነገር፣ ሕግ፣ ውሳኔ በሉት። ለጀድሰን የሚመረጠው አሚስታድ የተባለችው የመርከብ መዝገብ ነው፤ የባሕር ጉዳይ ስለነበር ወደ እሱ ችሎት መጣ። በ1839 የተሸጡ አፍሪካውያን በመርከቧ ላይ አምፀው ያዟት፣ ኋላም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተያዙ። ገዛናቸው ባዮቹ ስፔናውያን የሃቫና ወረቀት አቀረቡ፤ ወረቀቱ ሰዎቹን ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት የነበረችው የኩባ ነባር ባሪያዎች ናቸው ይላል። ግን ስፓኒሽ አይሰሙም! ጄምስ ኮቪ የሚባል ቋንቋቸውን ሜንዴን የሚያውቅ መርከበኛ ተገኝቶ ሲያስተረጉምላቸው ከአገራቸው ተጠልፈው መምጣታቸውን ተናገሩ። በሕጉ ዓምድ፦ ስፔን ራሷ በ1817 ከእንግሊዝ ጋር በገባችው ውል ከ1820 ወዲህ የባሪያ ንግዱን ከልክላለች። በውሳኔው ዓምድ፦ ጀድሰን በጃንዋሪ 1840 ነፃ ሆነው የተወለዱ ናቸው፣ ለፕሬዚዳንቱ ተሰጥተው ወደ አፍሪካ ይመለሱ አለ። የፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን መንግሥት ግን እንደሚረታ ቆጥሮ ወደ ኩባ የሚጭናቸው መርከብ ኒው ሄቨን ወደብ አስጠብቆ ነበር። ቫን ቢዩረን ጀድሰንን የሾመው የጃክሰን ፓርቲ ሰው ነው።

ውሳኔውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። የመርከቧ ካፒቴን ባሪያ የነበረው አንቶኒዮ ወደ ኩባ እንዲመለስ ያዘዘውም ይኸው ፍርድ ነው። ይግባኙንም አትተዉ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 1841 ነፃነታቸውን አጸና፣ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጡ የሚለውን ግን ሻረ።

አንዷ ተማሪ «እትዬ፣ ታዲያ ሰውዬው ጥሩ ነው መጥፎ?» አለችኝ። ሁለቱንም ቃል አትጻፉ፤ 1833ን እና 1840ን አንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጡ። «ተለወጠ» ለማለት ከፈለጋችሁ ከራሱ ብዕር የወጣ ማስረጃ አምጡ። ማስረጃው ከሌለ የኮቪን ምስክርነትና የ1817ቱን ውል ጻፉ፣ ውሳኔውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።