ሽቦ ልጠው ሲቀጥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ዋናው ቤትና ከጓሮ ያሉት የኪራይ ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ብዙ ነው። ክፍል በተጨመረ ቁጥር ሽቦ ይቀጠላል። ሽቦው ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣጣው የሚጀምረው ቅጥያው ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመር። «መብራት ከሄደ አይቀር ይቺን ሽቦ ልቀጥላት» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት ግን ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ መልሶም የሚያመጣው 220 ቮልት ነው። ሥራውን መብራት እያለ ይጀምሩት። መጀመሪያ ቴስተሩ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራው ካቻቢቴ) ሽቦው ላይ መብራቱን ይዩ፣ ብሬከሩን ያውርዱ፣ ከዚያ ሁሉንም ሽቦ አንድ በአንድ በቴስተሩ እንደገና ይንኩ። በአሮጌ ቤት ውስጥ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራሉ (የሚመልሰው) ተዘዋውረው ሊገኙ ስለሚችሉ በቀለም ብቻ አይመኑ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ቴስተር ይህን ሁሉ ሊነግርዎት አይችልም።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ መሥራት ሌላ ስህተት ነው። «እትዬ፣ ሽቦ እየሠራሁ ነው፤ ብሬከሩን እንዳይነኩብኝ» ማለት ምንም አያሳፍርም። ካልተናገሩ፣ ሻይ ልታፈላ የተነሳች ተከራይ ብሬከሩ የወደቀ መስሏት መልሳ ታነሳዋለች።

በጥርስ ወይም በእሳት መላጥ። ስለ ጥርስ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። በላይተር ሲያቃጥሉት ግን ጭሱ መርዛማ ነው፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ የጠቆረ መዳብም በደንብ አይገናኝም። የሽቦ መላጫ ከሌለዎት የቢላውን ስለት አጋድመው ከራስዎ ወደ ውጭ ይላጡ እንጂ ዙሪያውን ቀጥ አድርገው አይቁረጡ። መዳቡ ላይ ጭረት ካዩ ያንን ጫፍ ቆርጠው ጥለው እንደገና ይጀምሩ፤ የተጫረ ሽቦ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ እዚያው ይሰበራል።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል። ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው፤ በተለይ ለእንጀራ ምጣድ። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የላላ ቅጥያ 0.1 ኦም መቋቋም (ሬዚስታንስ) ብቻ ቢኖረው፣ 16 በ16 ተባዝቶ እንደገና በ0.1 ሲባዛ ወደ 25 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበትን ትንሽ መሣሪያ በናስትሮ ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ተዉት ማለት ነው። ምጣዱ ሲሠራ ቅጥያው ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መካከል ይበልጥ እየላላ ይሄዳል፣ የናስትሮውም ሙጫ ይለቃል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም። እሱ የሚወድቀው አምፔር ሲበዛ ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ አምፔሩ አልጨመረም።

ስለዚህ ለምጣድ ከብሬከር እስከ ሶኬት ቅጥያ የሌለው ሽቦ ቢዘረጉ ይመረጣል፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ጥሩ ነው። መቀጠል ግድ ከሆነ ሞርሰቶ፣ ማለትም ባለ ብሎን ማገናኛ፣ ይጠቀሙ። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ ክሮቹን ሰብስበው ያስገቡ፣ በካቻቢቴ ያጥብቁና እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ያድርጉት። ከወጣ፣ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት መውጣቱ ደግ ነው። መዳቡ ከማገናኛው ውጭ መታየት የለበትም።

ወፍራሙን ሽቦ በቀጭን አይቀጥሉ። ለአምፖል የሚሆነው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሶኬቱን ባለ 2.5 ሥራ አይችልም።

አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበትን የመሬት ሽቦ «ትርፍ ነው» ብለው አይቁረጡ። የምጣዱ ብረት ሰው እንዳይዝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቅጥያን ግድግዳ ውስጥ መቅበር። ሐምሌና ነሐሴ ደሴን ጭጋግና ዝናብ አይለያትም፤ የጭቃ ግድግዳም እርጥበት ይይዛል። ቅጥያው ክዳኑ የሚከፈት ስካቶላ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይግባ። ግቢ አቋርጦ ወደ ጓሮ የሚሄደው ሽቦ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ቅጥያ አይኑር።

ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለውን ሽቦ ፈጽሞ አይላጡ። እሱን ቤት ያለው ብሬከር አያጠፋውም፤ ሥራውም የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ከተበላሸ 905 ደውለው ያሳውቁ።