በስፓኒሽ ቅጽሎች አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰናከለው በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። «ነጭ ቤት» እንደሚለው ሁሉ «ብላንካ ካሳ» ይላል። ትክክለኛው «ካሳ ብላንካ» ነው፤ በአብዛኛው ስሙ ይቀድማል፣ ቅጽሉ ይከተላል። ይህ በጥቂት ልምምድ ይታረማልና ብዙ አያስጨንቅም።

ዋናው ችግር ቅጽሉን ከስሙ ጋር በጾታና በቁጥር አለማስማማት ነው። ኮስታ ሪካንና ፑዌርቶ ሪኮን ያነጻጽሩ። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ያለው ቅጽል «ሀብታም» ማለት ነው፤ «ኮስታ» (የባሕር ዳርቻ) አንስታይ በመሆኗ «ሪካ»፣ «ፑዌርቶ» (ወደብ) ተባዕታይ በመሆኑ «ሪኮ» ተባለ። አማርኛ «ትልቅ ቤቶች» ብንል አይቆጣንም። ስፓኒሽ ግን ቅጽሉም እንዲበዛ ይፈልጋል፦ «ካሳስ ግራንዴስ»።

ጾታን በመጨረሻው ድምፅ ብቻ መገመትም ያሳስታል። «ፕሮብሌማ» (ችግር) በ«ማ» ቢያልቅም ተባዕታይ ስለሆነ «ፕሮብሌማ ሴሪዮ» ይባላል። «ማኖ» (እጅ) ደግሞ አንስታይ ናት፤ ቀኝ እጅ «ማኖ ዴሬቻ» ነው። ከሁሉም ተንኮለኛዋ «አጓ» (ውሃ) ናት። ከአንስታይ ስም በፊት የሚገባው መጠቆሚያ ቃል «ላ»፣ ከተባዕታይ በፊት የሚገባው «ኤል» ነው፤ «ላ አጓ» ሲባል ግን ሁለቱ «አ»ዎች ስለሚጋጩ ብቻ በነጠላ የተባዕቱን «ኤል» ትዋሳለች፤ ጾታዋ ግን አልተለወጠምና ቀዝቃዛ ውሃ «ኤል አጓ ፍሪያ» እንጂ «ፍሪዮ» አይደለም። ለምን ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። አዲስ ስም ሲያጠኑ ከአንድ ቅጽል ጋር አጣምረው ይያዙት።

ሕጉን ያወቀ ተማሪ ደግሞ ሁሉንም ቅጽል መለወጥ ይጀምራል። «ኢንቴሊሄንቴ» (ብልህ) ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ «ኢንቴሊሄንታ» የሚባል የለም። «አሱል» (ሰማያዊ) እንደዚሁ። የዜግነት ቅጽሎች ግን በተነባቢ ቢያልቁም ይለወጣሉ፦ «እስፓኞል»፣ «እስፓኞላ»።

አንዳንዱ ቅጽል ቦታ ሲቀይር ትርጉሙም ይቀየራል። «ኦምብሬ ፖብሬ» ገንዘብ የሌለው ሰው ነው፤ «ፖብሬ ኦምብሬ» ግን ኪሱ ቢሞላም የሚታዘንለት ምስኪን ነው። «ግራንዴ» ከነጠላ ስም ሲቀድም ወደ «ግራን» ያጥራል፤ «ሲዩዳድ ግራንዴ» በስፋቷ ትልቅ ከተማ ስትሆን «ግራን ሲዩዳድ» ታላቅ ከተማ ናት።

በመጨረሻም አማርኛ በአንድ «ነኝ» የሚያልፈውን ስፓኒሽ ለሁለት እንደሚከፍለው አይርሱ። ክፍል ውስጥ ተሰላችተው ከሆነ «እስቶይ አቡሪዶ» ይበሉ። «ሶይ አቡሪዶ» ካሉ ግን እርስዎ ራስዎ አሰልቺ ሰው መሆንዎን ለመምህሩ ነገሩት።