ግራጫ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ያለው የቤት መግቢያ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ወለሉን ሴራሚክ ለማልበስ ገንዘብ ያልደረሰለት ሰው ሁሉ ሊሾን፣ ማለትም በሲሚንቶ ብቻ የተለሰነውን ወለል፣ ያውቀዋል። አሁን አሁን ደግሞ ሴራሚክ ማንጠፍ የሚችሉ ሰዎችም ሊሾውን እንዳለ ትተው የመግቢያውን ግድግዳ ግራጫ ማስቀባት ወደዋል። እኔም ምርጫውን እደግፈዋለሁ። በወጉ ከተሠራ ወጪው ትንሽ፣ ጽዳቱ ቀላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ይህ አጨራረስ ጉድለት አይሸፍንም። ሴራሚክ ከሥሩ ያለውን ደካማ ሲሚንቶ ለዓመታት ደብቆ ሊያቆይ ይችላል፤ ባዶ ሊሾ ግን የግንበኛውን ሥራ፣ ውሃው የሚሄድበትን መንገድና የአምፖሉን ዓይነት ሁሉ አውጥቶ ያሳያል።

«ቀለሙ አላማረልንም» ተብዬ ስጠራ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ችግር የቀለም አይደለም። ወይ እርጥበት ነው፣ ወይ አቧራ፣ ወይ መብራት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ እርጥበቱ ሳይቆም ወለሉን መቀባት፣ መብራቱ ሳይስተካከል ግድግዳውን ደግሞ ማስቀባት ገንዘብ መድፋት ነው።

ወለሉ ቢጠረግ ቢወለወል አቧራው አያልቅም

በመጀመሪያ አቧራው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከበሩ ራቅ ያለ ጥግ መርጠው በደንብ ይወልውሉት፣ ይድረቅ፤ ከዚያ መዳፍዎን ጫን አድርገው ያሹት። መዳፍዎ ግራጫ ሆኖ ከተነሣ አቧራው የመንገድ ሳይሆን የወለሉ የራሱ ነው። ቀጥሎ በምስማር ጫር ያድርጉት። ጠንካራ ሊሾ ላይ ምስማሩ ስስ ነጭ መስመር ትቶ ያልፋል። ደካማው ላይ ግን ጎድጉዶ ይገባል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል።

ምክንያቱ ከሲሚንቶው አቦካክ ይጀምራል። ለማለስለስ እንዲቀል ውሃ ይበዛበታል። የተረፈው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ደቃቁን ነገር ይዞ ይወጣና ላዩ ላይ ጥንካሬ የሌለው ስስ ሽፋን ይተዋል። ይባስ ብሎ ብዙ ባለሙያዎች ያንን ውሃ ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው ያሹታል። በዕለቱ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ከወራት በኋላ ግን ላዩ እየተላጠ ይነሣል። ሌላው ጥፋት ውሃ አለማጠጣት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ነፋስና ፀሐይ የተሠራ፣ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ ያልተሸፈነ ሊሾ ገና ሳይጠነክር ውሃውን ይጨርሳል።

መፍትሄው እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል። ምስማሩ ብዙም የማይጎዳው፣ መዳፍ ላይ ግን ጥቂት ዱቄት የሚተው ወለል በማጠንከሪያ ፈሳሽ ይድናል። በሶዲየም ሲሊኬት ወይም በሊቲየም ሲሊኬት የሚሠሩ ፈሳሾች አሉ፤ ሲሚንቶው ውስጥ ካለው ነጻ ኖራ ጋር ተዋህደው ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ። ወለሉ ንጹሕና ባዶ መሆን አለበት። ይህ «ባዶ» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም፤ ለዓመታት የወለል ሰም ሲቀባ የኖረ ሊሾ ምንም ፈሳሽ አያስገባም። ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ውሃው ሰርጎ ወለሉን ካጠቆረው ባዶ ነው፤ ተድቦልቡሎ ከቆመ ሰም ወይም ሌላ ሽፋን አለበት። ሰሙ በቲነር ይነሣል፤ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ እሳትም ሆነ የዕጣን ከሰል ከአካባቢው ርቆ መሆን አለበት።

ምስማሩ ጎድጉዶ የሚገባበት ወለል ግን በፈሳሽ አይድንም። ደካማው ሽፋን መነሣት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቴራዞ የሚፍቁ ባለሙያዎች እጅ አለ፤ ለመግቢያ የሚሆን ትንሽ ቦታ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በውሃ እየረጠበ ይፈቅ፤ የደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው። ሲፈቅ ከሥሩ የአሸዋው ፍሬ ይታያል፤ በእኔ ዓይን ከመጀመሪያው ልስላሴ የበለጠ የሚያምረው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ማጠንከሪያው፣ በመጨረሻም ውሃና እድፍ እንዳይገባ የሚያደርገው መከላከያ ቅባት ይከተላል።

ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር የወለል ቀለም) ቀብቶ መገላገል የሚፈልጉ አሉ። ደካማ ሽፋን ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ያንኑ ሽፋን ይዞ ይነሣል። ከመፋቅ አያድንም።

የግድግዳው እግር ቀለም ይተፋል፣ ነጭ ጨው ያወጣል

ይህን በግራጫ ግድግዳ ላይ መደበቅ አይቻልም፤ ነጭ ቀለም ላይ ሳይታይ የኖረው ጨው ግራጫው ላይ ፈጥጦ ይወጣል። ጨዉ ራሱ በሽታው አይደለም። ውሃ በልስኑና በብሎኬቱ ውስጥ ሲጓዝ ያሟሟውን ማዕድን ላዩ ላይ ትቶ ሲተን የሚቀረው ነው። መፈለግ ያለበት ውሃው ነው።

ወለሉን ለመመርመር 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ለ24 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ወለሉ ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች እየመጣ ነው። ይህ ከመሬት ጋር የተገናኘ ወለል ባላቸው ቤቶች፣ በተለይ ከአርማታው ሥር ላስቲክ ሳይነጠፍ በተሠሩት የተለመደ ነው። ወለሉ ደርቆ ግድግዳው ብቻ ከረጠበ ከጀርባው ምን እንዳለ ይመልከቱ፤ መታጠቢያ ቤት ከሆነ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ያስተውሉ። ምንም ውሃ ሳይከፈት የሚዞር ቆጣሪ የተበሳ ቧንቧ መኖሩን ይናገራል። ጀርባው ውጭ ከሆነ ደግሞ አሸንዳውን፣ እንዲሁም ከግድግዳው የተጠጋውን አፈር ይዩ። የአበባ መደቡ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ከተሠራ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። የላላው ቀለምና ልስን እስከ ጠንካራው ይፈንቀል። ጨዉ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ግድግዳው በበጋ ሳምንታት አየር እያገኘ ይድረቅ። አዲስ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ይጠብቅ፤ ከዚያ የሲሚንቶ ኖራ የማይበላው ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ)፣ ቀጥሎ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንደኛው እርጥበቱ እንዳይታይ የግድግዳውን እግር ሴራሚክ ማልበስ ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ከሴራሚኩ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው የዘይት ቀለም ነው። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ በዘይት ቀለም መቀባቱ ለጽዳት የታሰበ ጥሩ ልማድ ነው፣ በደረቅ ግድግዳ ላይ እኔም አደርገዋለሁ። በረጠበ ወይም ገና ባልበሰለ ልስን ላይ ግን ያብጣል፣ ይላጣል።

በክረምት ያንሸራትታል፣ ውሃም በበሩ ሥር ይገባል

የሚያንሸራትተው ሲሚንቶው ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ሰምና ከጫማ የሚራገፈው ስስ ጭቃ ነው። ሰሙን ያንሡ፤ በምትኩ የሚቀባው መከላከያ ደቃቅ የማያንሸራትት ፍሬ የተቀላቀለበት፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። አረጋውያን ባሉበት ቤት ስለ ማብረቅረቅ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም።

ጭቃውን በሁለት ደረጃ ያስቀሩት፤ ከደጅ የብረት ፍርግርግ ወይም ሻካራ የእግር መጥረጊያ፣ ከውስጥ ውሃ የሚመጥ ምንጣፍ። የውስጡ ሁለት እርምጃ የሚያስረግጥ፣ ማለትም ወደ 1 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ካልሆነ ሁለተኛው እግር ሊሾው ላይ ያርፋል። የደጁ ወለል ደግሞ ከበሩ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ወደ በሩ የሚያዘነብል በረንዳ ካለ የበር ሥር ጎማም ሆነ ከፍ ያለ ደፍ ለጊዜው ብቻ ነው የሚያግዘው።

ወለሉ ተሰነጠቀ

ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሲሚንቶ ሲደርቅ በመኮማተሩ የሚመጣ ነው፤ ተዉት። በነጭ ሲሚንቶ ወይም በስቱኮ ደፍነው ያበላሹ ብዙዎች ናቸው፤ መሙያው ከወለሉ ጋር ስለማይመሳሰል ከስንጥቁ ይልቅ ጥገናው ይጎላል። አዲስ የሚሠራ ሊሾ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በየ1 ሜትር ተኩሉ፣ እንዲሁም በበሩ መስመር ላይ መለያያ ቢቆረጥለት ስንጥቁ በዚያ መስመር ይወሰናል።

የሚያሳስበው ጥፍር ሲያልፍበት አንዱ ወገን ከፍ ብሎ የሚያደናቅፈው ነው። ጥቂት ጂፕሰም ስንጥቁ ላይ አሻግረው ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ቦሌ ባሉ ጥቁር አፈር ያለባቸው ሰፈሮች አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ይህን የሚፈታው ቀለም ቀቢ ሳይሆን መሐንዲስ ነው።

የመረጥነው ግራጫ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ሆነብን

መጀመሪያ አምፖሉ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል ከሆነ የችግሩ ግማሽ ተገኝቷል። ይህ ብርሃን ሰማያዊነት አለው፣ ግራጫም የተሰጠውን ተቀብሎ ይመልሳል። በ3000 ኬልቪን ይቀይሩት፤ ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃው (CRI) ከ100 90 የሆነ ከተገኘ ይመረጣል። የአምፖል ዋጋ ከአንድ ባልዲ ቀለም ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ሙከራው ሁልጊዜ ከአምፖል ይጀምር።

አምፖሉ ተቀይሮም ግድግዳው ሰማያዊ መምሰሉን ካልተወ፣ ቀለሙ እንዴት እንደተበጠበጠ ይጠይቁ። ባለሙያው ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር ማቅለሚያ ጠብ እያደረገ በዓይኑ ለክቶ ከሠራው ውጤቱ ሰማያዊ ቢመስል አይገርምም፤ ነጭና ጥቁር ብቻ ሲደባለቁ ወደዚያ ያደላሉ። ጥቂት ቢጫ ወይም ቡናማ ማቅለሚያ ያሞቀዋል። ደግሞ እያንዳንዱ ባልዲ ለየብቻ ከተበጠበጠ ሁለት ግድግዳ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ለመግቢያው የሚበቃው ሁሉ በአንድ ትልቅ ዕቃ ይደባለቅ፣ ለጥገና የሚሆን ጥቂት ሊትርም ታሽጎ ይቀመጥ።

ከመቀባቱ በፊት በ50 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ እግሩ ሊሾው ላይ ቆሞ ይታይ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት። ሲሚንቶ ራሱ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ግድግዳው የሚጣላው ወይም የሚስማማው ከእርሱ ጋር ነው።

በውጭ አገር የቤት ማስዋቢያ ጽሑፎች ላይ «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም» የሚል ምክር ይበዛል። ለለንደን ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የሚያልፈው በሰሜን በኩል ነው። ለእኛ ከአቅጣጫው በላይ የሚወስነው የክረምቱ ደመና ነው፤ በሐምሌ ብርሃን የወደዱት ግራጫ በጥቅምት ይበልጥ ያምራል፣ በጥቅምት የመረጡት ግን በሐምሌ ሊያስከፋዎት ይችላል።

መግቢያው ዋሻ ይመስላል፤ ያስተጋባል፣ ይቀዘቅዛል

ወለሉና ግድግዳው በእኩል ደረጃ የጠቆሩ ሲሆኑ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ሊሾው መካከለኛ ግራጫ ከሆነ ግድግዳው በግልጽ የነጣ ይሁን፣ ጣሪያው ነጭ። ከዚያ አንድ ሞቃት ነገር ያስፈልጋል፤ ለእኔ ከዋንዛ እንጨት የሚበልጥ የለም። የዋንዛ በር፣ ያ ካልሆነ የዋንዛ ጫማ መደርደሪያና መቀመጫ፣ ግራጫውን ከቅዝቃዜው ያወጣዋል።

ማስተጋባቱ የሚመጣው ድምፅ የሚመጥ ነገር ባለመኖሩ ነው። ሥዕል አይረዳም፤ ጨርቅና ሱፍ ይረዳሉ። የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ ወለሉ ላይ፣ የመንዝ ባና ግድግዳው ላይ ቢሰቀል ድምፁም ቅዝቃዜውም አብሮ ይቀንሳል። በሐረር ባህላዊ ቤቶች በሩን ሲያልፉ ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳ በሰፌዶች የተሞላ መሆኑን ያየ ሰው ባዶ ግራጫ ግድግዳ ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ሦስት አራት ሰፌድ ይበቃል፤ ግራጫው የአለላውን ቀለም ከነጭ ግድግዳ በተሻለ ያወጣዋል።

እድፍ

ቡና፣ ዘይትና እርጥብ ቄጠማ ባዶ ሊሾ ላይ ምልክት ይተዋሉ። ለበዓል ቄጠማ ከመጎዝጎዝዎ በፊት መከላከያው መሥራቱን በማንኪያ ውሃው ሙከራ ይፈትሹ፤ ቄጠማውም በማግስቱ ይነሣ። ሎሚና ኮምጣጤ እድፉን ሳይሆን ሲሚንቶውን ይበሉታል። በረኪናን ከእነዚህ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ የዘይት እድፍ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ያሳድሩትና ጠዋት ይጥረጉት።