ለእናት ለአባት ግጥም ስትጽፉ ከጅራፉ ጀምሩ

«እናቴ ሆይ፣ ውለታሽ ተራራ ነው» ብላችሁ የጀመራችሁት ወረቀት ካለ እጠፉትና አስቀምጡት። እሱ የማንም እናት ግጥም ነው፤ የእናንተዋ እማዬ እዚያ ውስጥ የለችም።

መጀመሪያ አንድ ዕቃ ፈልጉ። የእናታችሁ አክንባሎ ሊሆን ይችላል፤ አባታችሁ ከገበያ ሲመጣ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ የሚያመጣላችሁ ከረሜላም ይሆናል። እኔ አባቴ ከሞተ በኋላ ጎጃም፣ ቢቸና ስሄድ ዓይኔ ያረፈው ጅራፉ ላይ ነበር። እጀታው በላብ ጠቁሯል፣ ጫፉ ላይ የቋጠራት ገመድ እንኳ አልተፈታችም። ቀብር ላይ ያልመጣው ለቅሶ እዚያ መጣ።

ከዚያ ቤት ምቱ። ለጀማሪ ወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ይቀላል፤ ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፣ በየክፍሉ ስድስት ስድስት ድምፅ። ፊደል አትቁጠሩ፣ እየጮኻችሁ በጣት ቁጠሩ። እኔ «የአባቴ ጅራፍ» ብዬ ጽፌ ወረቀት ላይ (የ-አ-ባ-ቴ-ጅ-ራፍ) ስድስት ድምፅ ሞልቶልኝ ነበር፣ ሳነበው ግን አፌ «ያባቴ» እያለ አንድ አጎደለብኝ። ስለዚህ እንዲህ አስተካከልኩት፦

ያባቴ ጅራፉ / ተሰቅሏል ከጣራው፣
በሬው ጆሮ ሰጥቶ / ቆሟል እስኪጠራው።

እዚህ ላይ «ናፈቅከኝ» የሚል ቃል የለም። በሬው ብሎልኛል።

ሰምና ወርቅስ? መቼም ጎጃሜ ሆኖ ቅኔ የማያምረው የለም፣ የታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዋሸራና ጎንጅም እኛው ጋ ናቸው። ግን በግድ አይሆንም፤ ቋንቋው ራሱ ሲሰጣችሁ ተቀበሉት። ለምሳሌ «ሲያርስ ውሎ አረፈ» ብትሉ ሰሙ ከድካሙ ዐረፍ አለ ነው፣ ወርቁ ሞተ። አንድ ከተገኘ ይበቃል።

ቁጣቸውንም አትደብቁ። አባቴ በሬ ወደ ጤፍ ማሳ ከገባብኝ በዚያው ጅራፍ ያሯሩጠኝ ነበር፣ ያንን ከግጥሙ ባወጣው አባቴ ሌላ ሰው ይሆንብኛል። እናት አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ስልካችሁን ይዛችሁ እማዬን ድሮ ስትፈጭ ምን እያለች ታንጎራጉር እንደነበር ጠይቋትና ቅዱት። ከእኛ ግጥም ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ለቤተሰብ አንብቡት፣ ሙት ዓመቱ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። እኔ ሳነብ ታላቅ እህቴ እንባዋን እየጠረገች «ጅራፉ ጣራ ላይ አልነበረም፣ ምሰሶው ላይ ነው!» አለችኝ። ቤት እንዲመታ ነው ብላት አልሰማ አለች። እስካሁን እንደተኳረፍን ነን።