ኮምፒውተር በራሱ ጊዜ ሲጠፋ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ኮምፒውተር ይጠፋ ነበር። እየጻፈች እያለ ድንገት ስክሪኑ ጭልም ይላል፤ ከዚያ በራሱ ተነስቶ እንደገና ይከፍታል። አክስቴ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናት። የአባላቱን ስም፣ የየወሩን ክፍያ፣ ለቀብር የወጣውን ወጪ ሁሉ የምታሰፍረው እዚያ ላይ ነው። ሲብስባት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። ባለሙያው ገና ሳይፈታው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አላት። ተደረገ። የሁለት ዓመት መዝገብ አብሮ ሄደ። ኮምፒውተሩ ግን በሳምንቱ እንደገና ጠፋ።

ያንን መዝገብ ከደረሰኝ ጉርድ እየለቀመች መልሳ ለመጻፍ ከወር በላይ ፈጀባት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁጥር እያነበብኩላት ብዙ አምሽቻለሁ። ይህንን የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው። የብዙ ሰው ፋይል የሚጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን ብልሽቱን ለመፍታት ሲሞከር ነው።

ፎርማትን ማስቀደም

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ የሚፈታው ችግር አለ። ዊንዶውሱ ከተበላሸ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከተዛባ ወይም እውነትም ቫይረስ ከገባ ይሠራል። ግን የሚነካው ሶፍትዌሩን ብቻ ነው። ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ) ከተበላሸ፣ ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከደከመ፣ ፋን ከቆመ አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጉትም ለውጥ የለም። በዚያ ላይ ማስረጃውን ያጠፋባችኋል። ዊንዶውስ በጠፋ ቁጥር የሚይዘው ማስታወሻ አለ። ፎርማት ስታደርጉ እሱም አብሮ ይጠረጋል፤ ምርመራው ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ፎርማት የመጨረሻው ሙከራ ይሁን። እስከዚያው ግን ዛሬውኑ ፎቶውንም ሰነዱንም ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡ። በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር አንድ ቀን ላይነሳ ይችላል።

መቼ እንደሚጠፋ አለመመዝገብ

«እቴቴ፣ መቼ መቼ ነው የሚጠፋብሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ ልጄ፣ እንደፈለገው ነው» አለችኝ።

ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግድግዳዋ ላይ ካላንደር ተሰቅሏል። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን በእስክሪብቶ እንድትጽፍበት ነገርኳት። በሦስት ሳምንት ሰባት ጊዜ ጻፈች። አምስቱ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ። ካላንደሩን አብረን እያየን ሳለ ነገሩ የገባት እሷው ናት። «እንጀራ የሚጋገርበት ቀን እኮ ነው!» አለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የእሷ ማድ ቤት መብራት የሚያገኘው ከሳሎኑ በተሳበ ቀጭን ሽቦ ነበር። ቅዳሜ መልቲሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) ይዤ ሄድኩ። ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ 218 ቮልት አነበብኩ። ምጣዱ ሲበራ 176 ሆነ። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ደቂቃ ታገሰ። ምጣዱ ሦስተኛ ጊዜ ሲበራ ቀጭ ብሎ ጠፋ። የምሽቶቹ ሁለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ እራት የሚያበስልበት ሰዓት ነው፤ ያኔም የመብራቱ ኃይል ይወርዳል።

እናንተም ከሰዓቱ ጋር አብራችሁ የምትጽፉት ነገር አለ። ምን እየሠራችሁ ነበር? ገና እንደበራ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሰማያዊ ስክሪን አሳየ ወይስ ጭልም አለ? ወይስ ስታክ አድርጎ ማውሱም አልንቀሳቀስ አለ? ጌም ወይም ከባድ ቪዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን፣ ፓወር ሰፕላይንና የግራፊክስ ካርድን ጠርጥሩ። ቦታና ፕሮግራም ሳይመርጥ፣ በየጊዜው የተለየ ሰማያዊ መልእክት እያሳየ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ራሙን ነው የምጠረጥረው።

መብራቱን ከጥርጣሬ ማውጣት

አገራችን ላይ የሚመጣው 220 ቮልት ነው ይባላል እንጂ ሶኬቱ ላይ ሁልጊዜ 220 አይገኝም። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ መጠነኛ መውረድን ይችላል። መብራት ለቅጽበት ብልጭ ቢልም ካፓሲተር በተባሉት የውስጥ ዕቃዎቹ ባጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይሻገራል። ካፓሲተሮቹ ሲያረጁ ግን ያ አቅም ያልቃል። አምፖሉ እንኳን ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

የአክስቴም ይኸው ነበር። ከእኔ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ፈትቼ ለጊዜው ገጠምኩላት። ምጣዱ በራ፣ ቮልቴጁ ያው 176 ወረደ፣ ኮምፒውተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አዲስ ገዛንላት። ማድ ቤቱንም ኤሌክትሪሺያን ጠርተን የራሱ ወፍራም መስመር እንዲዘረጋለት አደረግን። ያ ቀጭን ሽቦ ሲነካ ይሞቅ ነበር። ከኮምፒውተሩ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ቤት ያቃጥላል።

እዚህ ላይ የማየው ሌላ ስህተት ሁሉንም ነገር አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ነው። ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር አንድ ላይ። የዲቫይደሩ ቀዳዳ ከላላም ኮምፒውተሩ በትንሽ ንቅናቄ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆይ ዕቃ) ያላችሁም አትዘናጉ፤ ባትሪው ከሞተ ራሱ ዩፒኤሱ ነው የሚያጠፋው። ሞክሩት፦ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል።

ፓወር ሰፕላዩን ግን ፈጽሞ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። እሱንም አትንኩት። 115 ላይ ሆኖ እኛ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ያን ጊዜውኑ ይፈነዳል። መልቲሜትር ያልለመደ ሰው ደግሞ ሶኬት ውስጥ አይንካ፤ ለኤሌክትሪሺያን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰማያዊውን ስክሪን ሳያነቡ ማለፍ

ሰማያዊው ስክሪን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እኔ ግን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ኮምፒውተሩ ምን እንደነካው እየተናገረ ነውና። ችግሩ ዊንዶውስ ቶሎ ሪስታርት ስለሚያደርግ ለማንበብ አለመድረሱ ነው። መፈለጊያው ላይ «ቪው አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ግቡ። «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ከሚለው ሥር «ሴቲንግስ»ን ተጫኑና «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ያመለጣችሁ ካለም «ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» ብላችሁ ፈልጉ። በየቀኑ የተፈጠረውን ብልሽት በቀይ ምልክት ያሳያችኋል። አዲስ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር የገባበትንም ቀን እዚያው ታገኛላችሁ። ብልሽቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሆነ የጀመረው፣ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

የዊንዶውስ ማስታወሻ የሚነበብበት «ኢቨንት ቪውወር» ውስጥ የምትገቡ ደግሞ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህንን አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ነው» ብሎ ይገዛል። ቸኩሏል። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይነግርም። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው የብልሽት ኮድ 0 ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልተመዘገበም ማለት ነው። ያኔ ወደ መብራቱ፣ ወደ ሙቀቱ ወይም ጭራሽ ወደ መድረቅ (ስታክ ማድረግ) ታደላላችሁ።

ሁለት ሦስት ነገር ባንዴ መቀየር

ራም ተቀየረ፣ ድራይቨር ታደሰ፣ ሙቀት አስተላላፊው ፔስት ተቀባ፤ ሁሉም በአንድ ከሰዓት። ኮምፒውተሩ ዳነ እንበል። የቱ ነው ያዳነው? አታውቁም፤ ለማይፈለገውም ከፍላችኋል። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ከዚያ ቀድሞ ይጠፋ በነበረበት መንገድ ተጠቀሙበት። በሦስት ቀን አንዴ የሚጠፋ ከነበረ አንድ ቀን ስላልጠፋ ዳነ አይባልም።

አቧራውን አለማየት፣ ወይም ሲጠርጉ ማበላሸት

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ያለ ቤት፣ በተለይ ግንባታ አጠገብ ከሆነ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ፋኑ ላይ ምንጣፍ የመሰለ አቧራ ይነጠፋል። ያኔ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ይጠፋል። «ኤችደብሊውሞኒተር» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙቀቱን ያሳያችኋል። ምንም ሳትሠሩበት 70 እና 80 የሚል ከሆነ ሳጥኑን ክፈቱ።

ስትጠርጉ ገመዱን ንቀሉ። በአፋችሁ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ለስላሳ ብሩሽ ወይም ብሎወር ተጠቀሙ። በብሎወር ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ መተንፈሻው ከሥሩ ነው።

ራምን በአምስት ደቂቃ መፈተን

ራም ውስጥ የተበላሸችው ቦታ ትንሽ ልትሆን ትችላለች። ኮምፒውተሩ እስኪደርስባት ሰዓታት ይወስዳል፤ «እንደፈለገው ይጠፋል» የሚባለውም ለዚህ ነው። የዊንዶውሱ መፈተሻ ሲያልፍ ብዙ ሰው ራሙን ነጻ ያወጣል። እኔ የማምነው «ሜምቴስት 86»ን ፍላሽ ላይ ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደርን ነው። አንድ ስህተት እንኳን ካሳየ ራሙ ወይም የተሰካበት ቦታ ችግር አለበት። ሁለት ራም ካላችሁ አንዱን አውጡና በአንዱ ብቻ ጥቂት ቀን ሥሩ፣ ከዚያ አቀያይሩ። መጀመሪያ ግን አውጥታችሁ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዙን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ብናኙን አራግፉና መልሳችሁ ስኩት። ጥገና ቤቶች ሁሉ ይህንን ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

የሚሞት ዲስክን ማስጨነቅ

ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ከሰማችሁ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ቼክ ዲስክ» ማስነሳት ከባድ ስህተት ነው። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሊያስነብበው ይችላል፤ ደካማውን ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጡ። ከሁሉም በፊት የማይተካውን፦ የልጆች ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ሰነድ። ከዚያ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጤናውን እዩ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩን መቀየር እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሁሉን ለቫይረስ መስጠት

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን ወደቁ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። ብዙ ሰው ጥቃት መስሎት ነበር። ምክንያቱ ግን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር የላከው የተሳሳተ አፕዴት ነው። ከዊንዶውሱ እምብርት ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ኮምፒውተሩን ይዞት ነው የሚወድቀው።

ቤት ውስጥም አንቲቫይረስ እንዲሁ ነው የተቀመጠው። ሁለት አንቲቫይረስ ባንዴ መጫን ጥበቃ አይጨምርም፤ እርስ በርስ ይጣላሉ። «ድራይቨር ሁሉ አድስልሃለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞችም እርሷቸው። ድራይቨር የሚወሰደው ከኮምፒውተሩ አምራች ወይም ከራሱ ከዊንዶውስ አፕዴት ነው። ችግሩ የጀመረው አዲስ ድራይቨር ከገባ በኋላ ከሆነ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ሮል ባክ» የሚል አለ፤ ወደ ድሮው ይመልሳችኋል።

ባዮስን መብራት ባልተረጋጋበት ማደስ

ባዮስ (ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሳው ፕሮግራም) እየታደሰ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ከሌለ አትሞክሩት። ግን ሁልጊዜ ሽሹት ማለቴ አይደለም። 2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ በባዮስ በኩል ማስተካከያ አውጥቷል። የተጎዳውን አይመልስም፤ ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። ከነዚህ አንዱ ካላችሁ መታደሱ የግድ ነው።

ለጥገና ቤት «ይጠፋል» ብቻ ብሎ መስጠት

ካላንደሩን ወይም የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሰማያዊውን ስክሪን ፎቶ አሳዩ። «ሳትጠይቀኝ ፎርማት አታድርግ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍላችሁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሳችሁ ተቀበሉ። ባለሙያው ራሱ ሲጠፋ አይቶት እንደሆነም ጠይቁ። ሦስት አራት ቀን ሱቁ ውስጥ ሲሠራበት ውሎ አንዴም ካልጠፋ፣ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ቤት ውሰዱትና በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሶኬት፣ ያለ ዲቫይደር ሰክታችሁ ሞክሩት።